የሚዋዥቅን ነገር መለካት፦ የንግግር ሕክምና ለባይፖላር ሕመም ይረዳልን?

አንድ ፔንዱለም ግራ ጫፍ ላይ በደረሰበት ቅጽበት ባዶ ወረቀት ብናሳየው ወዲያው ወደ መሐል መመለስ ይጀምራል። ወረቀቱ ግን ምንም አላደረገም። ይህ ቀላል ምሳሌ አንድን ከባድ የሕክምና ጥያቄ ለመመርመር ይጠቅመናል።

ባይፖላር ሕመም የታማሚው ስሜት፣ ጉልበትና እንቅልፍ በሁለት ጽንፎች መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም ነው። በአንደኛው ጽንፍ ማኒያ የሚባለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ በሌላኛው ደግሞ ከባድ ድብርት ይገኛል፤ በመካከሉም የጤና ወራት ወይም ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ታማሚው ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲበረታበት ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚታየው መሻል ከሕክምናው የመጣ ይሁን ከሕመሙ ዑደት፣ ከአንድ ሰው ታሪክ ብቻ መለየት አይቻልም።

መነጻጸሪያው

መፍትሔው ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል ነው። ዑደቱ በሁለቱም ቡድኖች ላይ እኩል ስለሚሠራ፣ የሚቀረው ልዩነት የሕክምናው ድርሻ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በባይፖላር ድብርት የተያዙ 293 ሰዎችን በዚህ መንገድ ከፍሎ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች መድኃኒት ይወስዱ ነበር። 163ቱ በዘጠኝ ወራት ውስጥ እስከ 30 ጊዜ የሚደርስ የንግግር ሕክምና ተመደበላቸው፤ ሕክምናው አስተሳሰብን በማረም፣ ቤተሰብን በማሳተፍ፣ ወይም የእንቅልፍና የዕለት ኑሮ ሥርዓትን በማስተካከል ላይ ያተኮረ ነበር። ለቀሩት 130 ሰዎች የተመደበላቸው ሦስት አጫጭር የምክርና የትምህርት ቆይታዎች ብቻ ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ቡድን 64.4 በመቶ፣ ከሁለተኛው 51.5 በመቶ ከድብርቱ አገገሙ።

ልዩነቱ 12.9 ነጥብ ነው። በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው የልዩነቱን መደበኛ ስህተት ብናሰላ 5.8 ነጥብ ገደማ እናገኛለን። ልዩነቱ ከስህተቱ ከሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ በአጋጣሚ ብቻ የተገኘ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የመለኪያው ድክመት

ሆኖም ታማሚው የሚሰጠውን ሕክምና ያውቃል፤ ንግግርን እንደ ክኒን በሐሰተኛ ተክቶ መደበቅ አይቻልም። በተጨማሪም የጠቀመው የትምህርቱ ይዘት ይሁን ከባለሙያው ጋር ያሳለፈው ረጅም ጊዜ አይለይም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ የታተመ የ253 ታማሚዎች ጥናት፣ አስተሳሰብን የሚያርመው ሕክምና የሕመሙን ማገርሸት በአጠቃላይ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሕክምናው የጠቀመ የመሰለው ከዚያ በፊት ከ12 ጊዜ ባነሰ ለታመሙት ነበር። ይህ ግን ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የተደረገ ክፍፍል ስለሆነ፣ እንደ መላ ምት እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይወሰድም።

ምን እንደምድም?

በሁለቱም ጥናቶች የንግግር ሕክምና የተመዘነው በመድኃኒት ላይ ሲጨመር እንጂ መድኃኒትን ሲተካ አይደለም። «ንግግሩ ስለረዳኝ ክኒኑን ልተው» የሚል ሰው እነዚህ ቁጥሮች ያልተናገሩትን ይደመድማል። መዘዙም ቀላል አይደለም፤ ለምሳሌ ሊቲየምን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን፣ በተለይም ማኒያን፣ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ይታወቃል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከሐኪም ጋር ሊመከርበት ይገባል።

ለአንባቢ አንድ መልመጃ እንተው፦ በአሜሪካው ጥናት የእያንዳንዱ ቡድን አባላት ቁጥር በአራት ቢካፈልና መቶኛዎቹ ባይለወጡ፣ መደበኛ ስህተቱ ስንት ይሆን ነበር? ያን ጊዜስ ስለ ንግግር ሕክምና በድፍረት መናገር እንችል ነበርን?