ነዳጅ የሚበላ አሮጌ ላንድክሩዘር፦ ምልክትንና ምክንያትን ስለ መለየት

«መኪናዋ ቤንዚን ትበላለች» የሚለው አቤቱታ በካርቱም ጀሪፍም ሆነ በጎንደር ጋራዦች አንድ ነው። አቤቱታው ግን ምልክትን እንጂ ምክንያትን አይነግረንም። ምልክት የምንለው በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በቁጥር የሚታወቀውን ነው፤ ምክንያት ያንን ምልክት ያመጣው ነገር ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ከተጀመረ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ፓምፕ፣ አዲስ ሴንሰር ይገባና የመኪናዋ አመል እንዳለ ይቀራል።

ከቁጥሩ እንነሳ። ፍጆታ ማለት መኪናዋ በአንድ ሊትር የምትሄደው ርቀት ነው። ለማወቅ ታንኩን እስከ አፉ ሞልተን ኪሎ ሜትሩን እንጽፋለን፤ ነድተን ስናበቃ እዚያው ማደያ ደግመን እንሞላና የሄድንበትን ርቀት ለገባው ሊትር እናካፍላለን። ሱዳን ውስጥ ቤንዚን በጋሎን ስለሚነገር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሱዳን ጋሎን 4.5 ሊትር ገደማ ነው፤ የአሜሪካው ግን 3.8 ሊትር አይሞላም። ስለዚህ «በጋሎን 25 ኪሎ ሜትር» ሲባል በሱዳኑ በሊትር 5.5፣ በአሜሪካው 6.6 ይሆናል። ጤነኛ መኪና በዚህ ልዩነት ብቻ በሽተኛ ልትባል ትችላለች። ጎማም እንዲሁ ያሳስታል። ከፋብሪካው በ10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ከታሰረ፣ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ በእርግጥ 110 ሄዳለች።

ከዚያ የመኪናዋን ተፈጥሮ እንወቅ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣችው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ቤንዚን ላንድክሩዘር ክብደቷ ከሁለት ቶን በላይ ነው። በሊትር 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር መሄዷ ብልሽት አይደለም። ቁጥሩ ተረጋግጦ ከዚህ በጣም ሲያንስ ግን ብክነት አለ እንላለን፤ ምክንያት ፍለጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ነዳጅ የሚያፈስ ቱቦ ካለ ሽታው ይናገራል፤ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ከዚያ የቀረው ብክነት በአብዛኛው ከሁለት ሥር ይመነጫል፦ ከመጎተት ወይም ከድብልቅ። መጎተት ማለት ሞተሩ በደንብ ሠርቶ ኃይሉ መንገድ ላይ ሲበላ ነው፤ ንፋስ የጎደለው ጎማና የማይለቅ ፍሬን ዋነኞቹ ናቸው። ጀሪፍ የጥቁር ዓባይ ዳር ሜዳ ስለሆነ ፍተሻው ቀላል ነው። ፍሬን ሳናበዛ ጥቂት ነድተን እንቁምና እጃችንን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳንነካ እናስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዟል።

ድብልቅ ደግሞ ወደ ሲሊንደር የሚገባው የአየርና የቤንዚን ውህደት ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ ወፈረ፣ ሲያንስ ቀጠነ እንበል። ካንዴላ ነቅለን ጫፉን ስናይ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። በጣት ሲነካ የሚለቅ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ወፍሯል። ጥቁሩ እርጥብና ቅባት ያለው ከሆነ ግን የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

እስካሁን ቁጥሩን አጣርተን፣ መጎተትን ከድብልቅ ለይተናል። አሁን ድብልቁን ምን አወፈረው? ሀቡብ የሚባለው የካርቱም የአቧራ ማዕበል የአየር ፊልትሮን ቶሎ ይደፍናል። በካርቡራተር ሞተር የተደፈነ ፊልትሮ አየሩን አንቆ ድብልቁን ያወፍራል። ነዳጁን በኮምፒውተር በሚመጥነው ሞተር ግን የገባው አየር ስለሚለካ፣ የሚቀንሰው በይበልጥ ጉልበቱ ነው። አንዱ ዕቃ ቆሽሾ በሁለት ሞተር ሁለት የተለያየ ምልክት ያሳያል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋ፣ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ጥቂት ሲያልፍ የሚከፍት በር ነው። ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትግል «አውጣው፣ ይቀዝቅዝ» ይባላል። በዚህ ምክር አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ማለዳ በቀጥታ መንገድ ሲሄድ ተገቢ ሙቀቱ ላይ አይደርስም፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ለረጅም መንገድ ዝቅ ብሎ ከቀረ ይህን እንጠርጥር። የሚግል ሞተር መድኃኒቱ ያለው ራዲያተሩና ፋኑ ዘንድ ነው።

በመጨረሻ ብልሽትን ካለመጣጣም እንለይ። ብልሽት የዕቃ መበላሸት ነው፤ አለመጣጣም ግን ደህና ዕቃ ያለ ቦታው ሲሠራ ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በገዳሪፍና በመተማ አድርጎ ጎንደር የወጣ መኪና ከ2,100 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ እዚያ አየሩ ከካርቱሙ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ጢሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ የተሰበረ ነገር ግን የለም። ጎንደር ለመክረም የመጣ ሰው ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ፣ ጄቷን፣ በጠበበች ያስቀይር። አሮጌዋን ግን አይጣላት። ጠባቧን ይዞ ወደ ቆላ ቢወርድ ድብልቁ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ድብልቅ ደግሞ በዚያ ሐሩር ሞተሩን አግሎ ቫልቭ ያቃጥላል። ስለዚህ አሮጌዋ ጄት ተጠቅልላ ከመፍቻዎቹ ጋር ትቀመጥ፤ መተማ ሲወረድ መልሳ ትገባለች።