ትከሻዬን የያዘኝ ማን ነው?

ጥያቄ፦ በዓባይ በረሃ ስንወርድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ፍሬኑ እምቢ አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ የአፈር ክምር ያዘን። ያኔ አንድ እጅ ትከሻዬን ጭምድድ አድርጎ የያዘኝ መሰለኝ፤ ዞር ስል ከኋላዬ ማንም የለም። አእምሮዬ ደህና ነው?

መልስ፦ እንኳን እግዜር አተረፈዎ! አእምሮዎ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ስሜት በሌሎችም ላይ ደርሷል። በ1916 እ.ኤ.አ. አሳሹ ኧርነስት ሻክልተን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የደቡብ ጆርጂያ ደሴትን በረዷማ ተራሮች በእግር ሲያቋርጥ፣ አራተኛ ሰው አብሯቸው የሚጓዝ ይመስለው ነበር። ለማንም ሳይተነፍስ ቆየ፤ በኋላ ባልደረባው ዎርስሊ ያንኑ ስሜት ራሱ አነሳለት። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች የአንዲት የሚጥል በሽታ ታካሚን የግራ አንጎል ክፍል በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ፣ ከኋላዋ ሰው ያለ መሰላት።

ይህ ስሜቱ በአንጎላችን በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል። ማን እንደጠበቀዎ ግን አይመልስም። ጠባቂ መልአኬ ነው ካሉ የምከራከርበት ሳይንስ የለኝም፤ ስለት ተስለው ከሆነም ያግቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ የሚከተለው ነው። አደጋው በሕልም እየመጣ እንቅልፍ ከነሳዎ፣ መኪና መሳፈር ካስፈራዎ፣ ይህም ከወር በላይ ከቆየ፣ ጸበሉንም ሳይተዉ የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ።