ትምህርት 12፦ ማስረጃና ግምት በሐተታዊ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች ስለ ደን ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ብዙዎቹ «አገራችን ቀድሞ በደን የተሸፈነች ነበረች፤ ደኑም በቅርብ ዘመን ተመነጠረ» ብለው ይጀምራሉ። ይህ በምን ታወቀ? ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አያዘጋጁም። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የሐይቅ ጭቃ ምስክርነት

በደቡብ ወሎ፥ ከአምባሰል ብዙም ሳይርቅ፥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ውሃ ተንጣሎ ይታያል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ከመሠረቱ ወዲህ ያለውን ታሪክ የብራና መጻሕፍት ያወሱልናል። ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ምድር የሚመሰክረው ግን በውሃው ሥር የተኛው ጭቃ ነው። የዛፍና የሣር የአበባ ዱቄት ከአፈር ጋር እየሰጠመ በየዘመኑ ተነባብሮበታልና።

የንብርብሩ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ማንኛውም ዕፅ በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን ይወስዳል። ከካርቦን አቶሞች መካከል ካርቦን 14 የተባለው እጅግ ብርቅ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን አቶሞች አንዱ ያህል ብቻ ነው። ዕፁ ሲሞት አዲስ ካርቦን መውሰዱን ያቆማል፤ በውስጡ የቀረው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የቀረውን መጠን የለካ ዕድሜውን ያውቃል። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አክስለሬተር በተባለው መሣሪያ አቶሞቹን በታላቅ ፍጥነት እያስወነጨፉ፥ በክብደታቸው እየለዩ፥ አንድ በአንድ መቁጠር ስለ ተቻለ አንዲት ቅንጣት ዘር እንኳ ዕድሜዋን ትናገራለች።

ዳርቢሻየር፥ ላምና መሐመድ ኡመር የተባሉ ተመራማሪዎች በሐይቅና በጎረቤቱ በአርዲቦ ያካሄዱትን ጥናት በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የጭቃውንም ዕድሜ የለኩት በካርቦን 14 ነበር። እንደ ጥናቱ፥ የዝግባውና የጥዱ ደን ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ ነበር። በስፍራው የክትክታ ቁጥቋጦና ሣር 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጥድና ወይራ እንደገና ተስፋፉ፤ ከዚያ ወዲህም ዳግመኛ ተመነጠሩ። ለደኑ መመለስ ምክንያቱ የዝናብ መጨመር ሳይሆን አይቀርም።

ሐ. ማብራሪያ

«ተመንጥሮ ነበር» የሚለው አነጋገር በማስረጃ የተደገፈውን ይገልጻል፤ «ሳይሆን አይቀርም» ግን ግምትን ያመለክታል። ምንባቡ ሁለቱን እንዳልቀላቀለ አስተውሉ። ማስረጃ ያልተገኘለትን ሐሳብ በ«ነው» መደምደም አንባቢን ማሳሳት ነው።

መ. መልመጃ

1. ካርቦን 14 የዕፅን ዕድሜ ሊያስታውቅ የቻለው ለምንድን ነው?
2. «ይመስላል»፥ «ይገመታል»፥ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉትን በዓረፍተ ነገር እያስገባችሁ አሳዩ።
3. በመግቢያው የተጠቀሰውን የተማሪዎች አባባል በምንባቡ ማስረጃ መሠረት አርማችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. ስለ አካባቢያችሁ ደን ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፥ በዓይናቸው ያዩትንና በወሬ የሰሙትን ለይታችሁ አቅርቡ።