ዳገቱን አርዝሙት

ስለ ብስክሌት ጉዞ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ቱር ደ ፍራንስ ነው፤ የአልፕስን ዳገት እየቧጠጡ ወደሚወጡት፣ ላባቸው ወደሚንጠባጠበው ወጣቶች። ከዚያም «ይሄማ ለእኔ አይሆንም» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን። ጉልበቴን ያመኛል፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ክብደት ጨምሬአለሁ፣ ልጆቹን ለማን ጥዬ… ምክንያት መቼም አይጠፋም። እኔ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ግን ሌላዋን ፈረንሳይ ነው። አያት ከልጅ ልጁ ጋር ጎን ለጎን ብስክሌት የሚነዳባትን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መኪና ሳይፈራ ረጅም መንገድ የሚጓዝባትን፣ መቅደምም መቀደምም የማያስጨንቅባትን የገጠሯን ፈረንሳይ።

በቡርጎኝ፣ ሶን ኤ ሏር በሚባለው አካባቢ፣ ከዢቭሪ ተነስቶ ክሉኒ የሚደርስ 44 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት በመላ ፈረንሳይ የመጀመሪያው «ቯ ቬርት» ነበር፤ አረንጓዴ ጎዳና እንበለው። ቀድሞ የባቡር መስመር ነበር። የባቡሩ ዘመን ሲያልፍ ሀዲዱ ተነሳ፣ መስመሩ አስፋልት ለበሰ። ዛሬ መኪናም ሞተር ብስክሌትም አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ የትራፊክ ደንብ እንዲህ ያሉትን ጎዳናዎች ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተለዩ ብሎ በስማቸው አስፍሯቸዋል። ግራና ቀኙ የዢቭሪና የቡክሲ የወይን ማሳ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ደግሞ ነጫጮቹ የሻሮሌ ላሞች የሚግጡበት መስክ ይመጣል።

የዚህን መንገድ ትልቁን ስጦታ ግን ዓይን አያየውም፤ እግር ነው የሚያውቀው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። ጭነቱ ከባድ ነው፣ የብረት ጎማውም በብረት ሀዲድ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆረጡ፣ ጎድጓዳውን ሞሉ፣ ያልተቆረጠውን ደግሞ ዞሩት። ፈረንሳዮች ወደ እኛ አገር የዘረጉት ሀዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የወጣውም በዚሁ ዘዴ ነው። ተራራውን ዝቅ ማድረግ ያልቻለ ሰው ዳገቱን ያረዝመዋል። በዢቭሪና በክሉኒ መካከልም ዳገት አለ፤ ግን እግር ሳይሰማው ያልቃል።

ራሳችንን ለመለወጥ ስንነሳ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሸክማችን ከባድ መሆኑን እያወቅን ቀጥ ያለውን ገደል እንመርጣለን። ሰኞ ጂም ተመዝግበን ሐሙስ ሰውነታችን ሁሉ ታስሮ እንተኛለን፤ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ «እኔ ፈቃደ ደካማ ነኝ» ብለን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን። ፈቃዳችሁ ደካማ አይደለም። ያ ሁሉ ክብደት በዚያ ዳገት አይወጣም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያው ሸክም፣ ያው ተራራ፣ ረዘም ባለ መንገድ ሲሆን ግን ይወጣል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከክሉኒ ተነሱ። ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ቴዜ የተባለች ትንሽ መንደር አጠገብ ትደርሳላችሁ። በብስክሌት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ በእግር ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በዚያች መንደር ወንድም ሮዤ የተባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 መጥተው የመሠረቱት፣ ከልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ ወንድሞች በአንድነት የሚኖሩበት ማኅበር አለ። ከመላው ዓለም ወጣቶች ይጎርፉበታል። በቀን ሦስት ጊዜ ደወል ሲደወል ሁሉም ሥራውን ትቶ ለጸሎት ይሰበሰባል። አጫጭር መዝሙሮችን እየደጋገሙ ይዘምራሉ፤ ከእነዚያም መካከል እኛ በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን የምንለው ኪርያላይሶን አለ። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው፣ በማያውቀው መንደር ይህን ቃል መስማት የጉዞው ግማሽ ደመወዝ ነው።

ክሉኒን ግን ሳታዩ አትነሱ። ገዳሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ910 ነው፤ መሬቱን የሰጠው የአኪቴን መስፍን ጊዮም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1088 የተጀመረው ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን 187 ሜትር ርዝመት ነበረው። የዛሬው የሮም ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሸጠ፤ ገዢዎቹም እያፈረሱ ድንጋዩን ቸበቸቡት። ዛሬ የቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ የደቡቡ ክንፍና በላዩ የቆመው ባለ ስምንት ማዕዘን የጸበል ደወል ማማ። በምዕራብ በኩል፣ ጥንት ዋናው በር በነበረበት ቦታ ቁሙና ወደዚያ ማማ እያያችሁ በእግራችሁ ሂዱ። የዓምዶቹን ግንድ ታያላችሁ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ቤትና መንገድ፤ አሁንም ትሄዳላችሁ፣ ማማው አሁንም ከፊታችሁ ነው። ይህን ርዝመት ፎቶግራፍ አይነግራችሁም። ቁጥሩን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው አወቀው ይባላል፤ በእግሩ የለካው ግን ሰውነቱ ያስታውሰዋል። ከተማው ውስጥም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከደረሳችሁ ገበያ አለ፣ አይብና ዳቦ ስንቅ ይሆናችኋል።

ከቴዜ አለፍ ስትሉ በውሃ ቦይ የተከበበው የኮርማታን ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ከጎዳናው ወጣ ብላችሁ ወደ ሻፔዝ ግቡ፤ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ የደወል ማማ 35 ሜትር ከፍታ አለው፣ ከሩቅ ይጠራችኋል። እግራችሁ ከጸና ደግሞ ብራንሲዮንን አትለፏት። በኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠች፣ ግንብና ቤተ ክርስቲያን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለ ጣሪያ የገበያ አዳራሽም ያላት ደቃቃ መንደር ናት። እንግዳ መኪናውን ከመንደሩ ውጭ አቁሞ በእግሩ ነው የሚገባው። አዳራሹ ግድግዳ የለውም፤ ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ሰፊውን ጣሪያ ተሸክመው ቆመዋል። ወደ ብራንሲዮን የሚወስደው መንገድ የባቡር መንገድ ስላልነበረ ዳገቱ እውነተኛ ዳገት ነው። ሲከብዳችሁ ውረዱና ብስክሌቱን ግፉት። ገፍቶ የወጣም ያንኑ ሸለቆ ያያል።

ብስክሌት ለማይወድ ሰው የእግረኛ መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ምልክት የተደረገባቸው የረጅም ርቀት መንገዶች፣ ፈረንሳዮች በአጭሩ «ጄ ኤር» የሚሏቸው፣ አገሪቱን እንደ ደም ሥር ያቋርጧታል። በዛፍ ግንድ፣ በድንጋይ፣ በአጥር ምሰሶ ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች ታያላችሁ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ። መታጠፊያ ላይ ከሥሩ ቀስት ይጨመርበታል። ነጩና ቀዩ መስመር ተጠላልፎ መስቀለኛ ከሆነ ግን «በዚህ አይደለም» ማለት ነው። ይህን ቀለም በየጊዜው የሚያድሱት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የማያውቁት መንገደኛ እንዳይጠፋ ብሩሽና ቆርቆሮ ይዘው ጫካ የሚገቡ ሰዎች። ምስጋና ይገባቸዋል።

ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ከክሉኒ ወደ ማኮን አቅጣጫ ስትሄዱ የቧ ክሌር ዋሻ ይገጥማችኋል፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በበጋም ይበርዳል፣ ሹራብና የብስክሌት መብራት ያዙ። በብርዱ ወራት የሌሊት ወፎች ስለሚያርፉበት ይዘጋል፤ ያኔ በኮረብታው ላይ መዞር ግድ ነው። በየመንደሩ ሱቆች ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይዘጋሉ፣ ሰኞ ጭራሽ የማይከፍትም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ምሳችሁን ጠዋት ግዙ። ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መካነ መቃብር ፈልጉ፣ ብዙውን ጊዜ ቧንቧ አለው፤ «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አትጠጡት። በጎዳናው ላይ ቀኛችሁን ያዙ፣ ከመቅደማችሁ በፊት ደወል አሰሙ፣ ያገኛችሁትንም ሰው ሁሉ «ቦንዡር» በሉ። በገጠር ዝም ብሎ ማለፍ እንደ እኛው አገር ነውር ነው።

ይህን የምታነቡ በፓሪስ፣ በሊዮን፣ በጄኔቫ ወይም በፍራንክፈርት የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ልዩ መልእክት አለኝ። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ስትሉ ስንት ዓመት ሆናችሁ? የምትኖሩበትን አህጉር በምድር ውስጥ ባቡር መስኮት ብቻ ማየት አይበቃችሁም። ከሊዮን ማኮን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከፓሪስም ፈጣኑ ባቡር ማኮን ሎሼ ያወርዳችኋል። ከማኮን ወደ ክሉኒ ዝለቁ፤ እዚያ ብስክሌት ይከራያል፣ የራሳችሁ አያስፈልግም። ልዩ ልብስ አያስፈልግም። ልምድ አያስፈልግም። ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን፣ ብቸኝነት የከበዳችሁ አንድ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከአገር ቤት ሊጠይቋችሁ የመጡ እናትና አባት ካሉም ጎዳናው ለእነሱም ይመቻል።

ዋሻው በጸደይ ይከፈታል። ዛሬ ማታ ቀን መቁጠሪያችሁን አውጡና አንድ ቅዳሜ ምረጡ፤ ለመጀመሪያው ቀን ከክሉኒ እስከ ቴዜ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል።