ዋዛ፦ በበርታ የመለከት ጭፈራ አሰናነድ ላይ የቀረበ ምልከታ

በአሶሳና በአካባቢዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ከሚታወቅባቸው ጥበቦች አንዱ ዋዛ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ ቀልድና ፌዝ ሊታሰበው ይችላል፤ የቃላቱ መመሳሰል ግን የአጋጣሚ ነው፤ በበርታ ዘንድ ዋዛ የዋዛ ነገር አይደለም። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ሲሆን፣ የመለከቶቹ ስብስብም በዚሁ ስም ይታወቃል። የተለያየ ስፋት ያላቸው የቅል ቁራጮች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰኩ፣ ከአፍ መያዣው ወደ ጫፉ እየሰፉ ይሄዳሉ፤ አካላቸው እንዳይለያይም በሸመል ስንጥርና በማሰሪያ ይጠናከራል። የትንሹ መለከት ርዝመት ክንድን የማያልፍ ሲሆን፣ ትልቁ የሰው ቁመት ለማከል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

የዋዛ ዋና ጠባይ ያለው በቅሉ ላይ ሳይሆን በድምፁ አከፋፈል ላይ ነው። በአንድ ስብስብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 መለከቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በመሠረቱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው። ዜማ የሚባለው ነገር የሚፈጠረው እነዚህ ድምፆች በየተራቸው ሲገቡ፣ ሲቀባበሉና ሲደራረቡ ነው። በሙዚቃ ጥናት ይህ አጨዋወት “ሆኬት” ይባላል። ለኢትዮጵያ ጥናት እንግዳ አይደለም፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እምቢልታ የሚነፉ ሦስት ሰዎችም እያንዳንዳቸው ባሏቸው ሁለት ሦስት ድምፆች ዜማውን ተካፍለው ይጫወታሉ። የዋዛ ልዩነት ክፍፍሉ እስከ መጨረሻው መሄዱ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢነፋ የሚሰማው ዜማ ሳይሆን የዜማ ፍንጣሪ ነው።

ተጫዋቾቹ ቆመው አይነፉም። እየተራመዱ፣ ጉልበታቸውን እየሰበሩ፣ በአንድ ምት ይንቀሳቀሳሉ፤ ምቱንም በትከሻ ላይ በሚሰቀል እንጨት ላይ ቀንድ በመምታት ይጠብቁታል። ከጎናቸውና በዙሪያቸው ሌሎች ይጨፍራሉ። ተራን ማወቅ የጆሮ ብቻ ሥራ አይደለም፤ ነፊው ድምፁን የሚያስገባበትን ቅጽበት እግሩም ያመለክተዋል። ስለዚህ ዋዛን “የሙዚቃ መሣሪያ” ብቻ አድርጎ መመደብ ግማሹን መጣል ይሆናል፤ “ውዝዋዜ” ብቻ ማለትም እንዲሁ ነው።

የጥናቱ ታሪክ ግን በዚህ ምደባ የተከፈለ ነው። የኢትዮጵያን ጭፈራ በሥርዓት ለመመዝገብ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች መካከል የሃንጋሪው ተመራማሪ ቲቦር ቫዳሲ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ከ1970 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ጽሑፎች ይጠቀሳሉ፤ ከነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ በርዕሳቸው ትግሬን፣ ጉራጌን፣ ወሎንና ኦሮሞን ያነሣሉ። የምዕራቡ ቆላ በእነዚህ ርዕሶች ውስጥ የለም። የበርታ መለከት በስፋት የተቀዳውና የተተነተነው ደግሞ ከድንበር ማዶ ነው። ጀርመናዊው አርቱር ዚሞን በሱዳን ብሉ ናይል አካባቢ ባደረገው ጥናት መሠረት ስለ በርታ የመለከትና የዋሽንት ስብስቦች በ1989 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አሳትሟል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ስምምነት በርታ ለሁለት አገር በመከፈሉ፣ አንድ የሆነው ጥበብ በሁለት አገር የጥናት መደርደሪያ ላይ ተለያይቶ ተቀምጧል። የዜማው ትንተና በአንድ በኩል፣ የጭፈራው ጥናት በሌላ በኩል፣ አሶሳ ደግሞ በሁለቱ መካከል ቀረች።

ሦስተኛው መዝገብ መድረክ ነው። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን 9ኛው በዓል ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሶሳ መከበሩ ለክልሉ ጥበባት ትልቅ አጋጣሚ ነበር። እንዲህ ያለው መድረክ ያለውን ጥቅም መካድ አይቻልም፤ ዋዛን ከክልሉ ውጭ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ በቴሌቪዥን ያየው ነው። ነገር ግን መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተመልካች ፊት ለፊት ነው፤ ክብ የነበረው ወደ መስመር ይዘረጋል። ከመከር ጋር የተያያዘው ጨዋታ ከወቅቱና ከአዝመራው ተነጥሎ ይቀርባል። ይህ ጥፋት ነው ለማለት አይደለም። የመድረኩ ቅጂ ግን ብቸኛው ቅጂ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ነገ የሚያጠና ሰው የዋዛ ርዝመት ሦስት ደቂቃ ይመስለዋል።

አንድን መለከት በሙዚየም ግድግዳ ላይ መስቀልም ተመሳሳይ ችግር አለው። የመለከቱ ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ የሚለካው ከጓደኞቹ አንጻር እንጂ ከውጭ በመጣ መለኪያ አይደለም። ከስብስቡ የተለየ መለከት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ቦታውን ግን ያጣል። አንዱ ቅል ሲሰበር በሌላ የሚተካው ሠሪም ዓይኑን በቅሉ ላይ፣ ጆሮውን በቀሪዎቹ ላይ አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። ሊሰነድ የሚገባው አንዱ እውቀት ይህ ነው፤ በፎቶግራፍ አይያዝም።

ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። ሲምሃ አሮም በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የባንዳ ሊንዳ የቀንድ መለከት ስብስቦችን ሲያጠና ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር፤ ሁሉም በአንድነት ሲነፉ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መጻፍ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው አንዱን ተጫዋች ከቀዱ በኋላ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድርሻ እንዲጨምር ማድረግ፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መሄድ ነበር። ዛሬ በ1 ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር የሚሠራ ሥራ ነው። ዘዴው ለአሶሳ ሲመጣ ግን አንድ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ተቀምጦ ከተቀዳ እግሩ ከመዝገቡ ይወጣል። ስለዚህ እየተራመደ፣ በቪዲዮም ጭምር መቀዳት ይኖርበታል። ከዚያ በፊት ሙሉው ስብስብ በራሱ ቦታና ወቅት፣ ሳይቆረጥ መመዝገብ አለበት።

ከቅጂው ጎን የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም፦ የትኛውን መለከት ማን ይነፋል፣ ከማን ተማረው፣ ሌላውንስ ድርሻ ያውቃልን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። 12 ሰዎች 12ቱንም ድርሻ የሚያውቁበት ስብስብና እያንዳንዱ የራሱን ብቻ የሚያውቅበት ስብስብ በመድረክ ላይ አንድ ዓይነት ይሰማሉ። ልዩነታቸው የሚታየው አንዱ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ሲሄድ ነው፤ በመጀመሪያው ስብስብ አንድ ወጣት መለከቱን አንሥቶ ይገባል፣ በሁለተኛው ግን በዜማው መካከል በየዙሩ ተመልሶ የሚመጣ ክፍት ቦታ ይቀራል።