ጠፉ የሚባሉ ፋይሎች፦ የምርምር መረጃን በቤት ኮምፒውተር ስለመጠበቅ

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር ሥራውን በአብዛኛው የሚያከናውነው በመኖሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች አንዲት ላፕቶፕ ነው። የቃለ መጠይቁ ድምፅ፣ የመጠይቁ ምላሽና በአማካሪው የታረመው ረቂቅ ሁሉ በዚያች መሣሪያና በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ዲስክ ውስጥ ይገኛሉ። ይሁንና በምርምር ዘዴ ኮርሶች ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ መረጃ ትንተና ብዙ ሲባል፣ የተሰበሰበው መረጃ እስከ መመረቂያው ቀን እንዴት ተጠብቆ እንደሚቆይ እምብዛም አይነሳም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒውተር ባለሙያ ያልሆነ ተመራማሪ በቤቱ ሊተገብራቸው የሚችላቸውን የጥበቃ መንገዶች ከነምክንያታቸው ማሳየት ነው። ትኩረቱም በዊንዶውስ በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ የራሴ ገጠመኝ ነው። ባለፈው ዓመት የ11 ቃለ መጠይቆችን ግልባጭ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ይዤ ወደ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሄድሁ። ቤት ተመልሼ ስከፍተው እያንዳንዱ ፎልደር ትንሽ ቀስት ወዳለበት ሾርትከት ተለውጦ አገኘሁት። በጓደኛዬ ምክር ፍላሹን ፎርማት አደረግሁ፤ ሌሎች ፋይሎችንም ገለበጥሁበት። ግልባጮቹን ያጠፋቸው ቫይረሱ ሳይሆን እኔው ራሴ መሆኔን የተረዳሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። የ7ቱ ድምፅ በስልኬ ላይ ስለነበረ እንደገና ገለበጥሁት፤ የ4ቱ ግን በዚያው ቀረ።

የሾርትከት ቫይረስ አሠራር

ቀደም ባሉት ዓመታት ፍላሽ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ጊዜ መነሳት ይችል ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 7 ይህንን በር ለፍላሽ ዲስኮች ዘጋው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቀደሙት የዊንዶውስ ዕትሞች ተመሳሳይ ማስተካከያ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ የተጠቃሚውን ጠቅታ ይፈልጋል። ሾርትከቱ የሚያገለግለውም ለዚሁ ነው።

ቫይረሱ ፎልደሮቹን አይሰርዝም። «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶችን ለጥፎባቸው ከዓይን ይሰውራቸዋል። በየቦታቸውም ስማቸውንና መልካቸውን የያዘ ሾርትከት ይተካል። ተጠቃሚው ሾርትከቱን ሲጫን በመጀመሪያ የቫይረሱ ትእዛዝ ይሠራል፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። ፋይሎቹ ስለሚከፈቱለት ብዙ ሰው ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ በዚህ መካከል ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ከዚያ በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል።

እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው በመጀመሪያ እጁን ይሰብስብ። ሾርትከቱን አለመጫን፣ ፎርማት አለማድረግ፣ በፍላሹም ላይ ምንም አለመጻፍ ይገባል። ቀጥሎ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሲስተም ምልክትም ስላለባቸው «የሥርዓተ ክወና ፋይሎችን ደብቅ» የሚል ይዘት ያለው ሁለተኛው ምርጫ ጭምር መነሳት አለበት። ብዙዎች መፍትሔውን ሞክረው ያልተሳካላቸው ይህችን ሁለተኛ ምርጫ ስለዘነጉ ነው። እውነተኞቹ ፎልደሮች ከታዩ በኋላ ሰነዶቹን ብቻ መርጦ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ሾርትከቶቹንና ምንነታቸው ያልታወቀ ፋይሎችን መተው ይገባል። ምልክቶቹን በጅምላ ለማንሳት «አትሪብ» የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ያገለግላል። ፍላሹን አጽድቶ ኮምፒውተሩን አለማጽዳት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ዳግመኛ እንደተሰካ ይበከላልና። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር፣ ካልተዘጋና በየጊዜው ከታደሰ፣ ለዚህ ሥራ ይረዳል።

ፎርማት የተደረገ ፍላሽ እንኳ ወዲያው ተስፋ አይቆረጥበትም። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ሲሆን ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ሊቆይ ይችላል፤ የማገገሚያ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእኔን ጉዳይ የዘጋው በላዩ ላይ የገለበጥኋቸው ፋይሎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ወደ ማተሚያ ቦታ የሚሄደውን ፍላሽ ከሥራው ፍላሽ መለየት ነው። በዚያ ውስጥ የሚታተመው የፒዲኤፍ ፋይል ብቻ ይኖራል፤ ቢበከልም ቢጠፋም የሚያስቆጭ አይሆንም።

የቅጂ ጉዳይ

በመስኩ የታወቀው መመሪያ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለተማሪ አቅም ሲተረጎም፦ አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በጎግል ድራይቭ ወይም በመሰል የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ይሆናል። ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ቦርሳ ከተያዙ በአንድ ሌባ እጅ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የኢንተርኔት ዋጋ ያሳስባል የሚለው ቅሬታ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ሥዕል የሌለበት የመመረቂያ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ድምፅም ቢሆን በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከተቀዳ ለአንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል፤ 20 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከ1.2 ጊጋባይት በታች ነው ማለት ነው። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ከኢንተርኔት ማከማቻ ጋር በራሱ የሚመሳሰል ፎልደር ሙሉ መጠባበቂያ አይደለም፤ በላፕቶፑ ላይ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። በጎግል ድራይቭ የተጣለ ፋይል በቆሻሻ መጣያው የሚቆየው 30 ቀን ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ከአደጋ አያመልጥም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይሎችን በምስጢር ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ በኮምፒውተሩ ላይ የተሰኩ ዲስኮችንም ይቆልፍ ነበር። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበር፤ የተጎዱት በአብዛኛው ያላደሱት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱንም በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ያስፈልጋል።

መጠባበቂያ ቅጂ አልፎ አልፎ ተከፍቶ መፈተሽ አለበት። የቃለ መጠይቅ ድምፅ ደግሞ የሌላ ሰው አደራ ነው፤ ወደ ኢንተርኔት ከመላኩ በፊት በስምምነት ቅጹ ላይ መጠቀሱንና በይለፍ ቃል መቆለፉን ማረጋገጥ ይገባል። ለቁለፋው ሰቨን ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ

በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ማይክሮሶፍት ወርድ በራሱ የሚይዘው የማገገሚያ ቅጂ ካልተለወጠ በቀር በየ10 ደቂቃው ነው፤ ወደ 2 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። ይህም ቢሆን ኮንትሮልንና ኤስን አዘውትሮ መጫንን አይተካም። ባትሪዋ የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አትሻልም።

ተጠብቆ የማይነበብ ፋይል

የአማርኛ ተመራማሪን የሚመለከት አንድ ልዩ ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ፎንቶች ፊደላችንን የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ሥዕሉን በመተካት ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ጥናት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ዝርዝር ይሆናል፤ «ምርምር» የሚለውን ቃል በውስጡ ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። ፋይሉ አልጠፋም፤ ማንበቢያው ግን ጠፍቷል።

እንዲህ ያለ የቆየ ሰነድ በእጁ የሚገኝ ተመራማሪ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ከፍቶ በመጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ቢለውጠው ቢያንስ መልኩ ይጠበቃል። ቀጥሎ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞር ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ከፒዲኤፉ ጋር ቃል በቃል መነበብ አለበት፤ በተለይ ሥርዓተ ነጥቦች፣ የግዕዝ ቁጥሮችና በአማርኛው መካከል የገቡ የእንግሊዝኛ ቃላት ሊዛቡ ይችላሉና። ዋናው ፋይል ከፎንቱ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጥ።