ማጉረምረምና አቤቱታ

እዚሁ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በሚጣልበት ሠፈር፣ በቆሼ፣ በምናስተምርበት ጉባኤ አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፦ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከፍሎበት የሚነገር ውሸትስ በሐሰት ከመመስከር ይቆጠራል ወይ? አዎን፣ ይቆጠራል፤ እንዲያውም ይብሳል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሲዋሽ የሚሰማው ሠፈሩ ነው። ማስታወቂያ ግን ስኳር በሽታን ነቅሎ ይጥላል የተባለለትን ጠርሙስ አምና ኢንሱሊኗን የምታቆም እናት ጓዳ ድረስ ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል። ስለ መድኃኒት የማያውቅ ሰው በዚያ ነገር ዕውር ነው። ባልንጀራን መገሠጽም፣ እውነተኛ ሚዛንም የታዘዙት በዚያው ምዕራፍ ነው፤ ስለዚህ ውሸቱን እያወቁ ዝም ማለት ከነገሩ ነጻ አያወጣም።

ታዲያ እኔ ዝም አልልም፣ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር እሳደባለሁ የሚል ይኖራል። እስራኤል በምድረ በዳ በየድንኳናቸው ሆነው አጉረመረሙ፤ እግዚአብሔር ተቆጣቸው እንጂ አልተመሰገኑም። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ግን በዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ መጡ፤ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል ብለው ርስት ጠየቁ። ተፈረደላቸው፤ ለሌሎችም ሕግ ሆነ። ልዩነቱን ልብ በሉ። እነርሱም ቅር ብሏቸው ነበር፤ ግን ነገራቸው የተለየ፣ የሚሰማው ሰው የታወቀ፣ የሚጠይቁትም የተቆረጠ ነበር። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን መስደብ የድንኳን ውስጥ ማጉረምረም ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ነገራችሁን ለዩ። ዜማው ያሰለቻችሁ፣ ተዋናዩ ያልጣማችሁ ማስታወቂያ ጣዕም ነው፤ ተዉት። የሚያሳስተው ግን ሕግ አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትም ለሕዝብ እንዲተዋወቅ አይፈቅድም። ቢራ ደግሞ ብዙ ዘመን ኳስ ጨዋታውንም ድራማውንም ተከትሎ ቤታችን ሲገባ ኖሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብትሰሙት የምታቀርቡት ቅሬታ የጨዋ ሰው ቅያሜ አይደለም፣ የሕግ ጥያቄ ነው።

ቅደም ተከተሉን ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እንማር። የበደለህን መጀመሪያ ለብቻው፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ፣ ባይሰማ ለጉባኤው። ለእኛ ጉዳይ የመጀመሪያው ጣቢያው ነው፤ ደውሉ፣ ጻፉ። ሁለተኛው አብሯችሁ የሰማ ጎረቤት ነው፤ ስሙንና ፊርማውን ያኑር። ሦስተኛው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። መድኃኒትና ምግብ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ይሰማል፤ በማስታወቂያ የተባለው ዋጋ ሱቁ ላይ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ወደ ንግድ ቢሮ ይኬዳል። በደብዳቤው ላይ የጣቢያው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የዝግጅቱ ስምና የተባለው ቃል ይጻፍ። «ሰሞኑን ሰማሁ» አይበቃም። ደረሰኝ ካለ ቅጂው ይያያዝ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም ተቀበሉ፤ ያለ ቁጥር የተሰጠ ደብዳቤ የት ደረሰ ብላችሁ አትጠይቁበትም።

«የቆሼን ሰው ማን ይሰማል?» ትላላችሁ፤ ስትሉም ሰምቻለሁ። ምሬቱ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. የሰንዳፋ ገበሬዎች የአዲስ አበባ ቆሻሻ አጠገባችን አይጣል ብለው ተቃወሙ፤ ቦታው ተዘጋ። እውነት ነበራቸው። ቆሻሻው ግን ተመልሶ እዚህ መጣ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን አለቁ። የአንዱ አቤቱታ ተሰምቶ ሸክሙ ወደ ሌላው ሊዞር እንደሚችል ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው በደብዳቤው መጨረሻ የራሳችሁን ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ የምለው። ገንዘቡ ተመልሶላችሁ ማስታወቂያው ከቀጠለ ጠርሙሱን ነገ የምትገዛው ሌላ እናት ናት። ማስታወቂያው እንዲቆም፣ እርማቱም ውሸቱ በተነገረበት ሰዓት በዚያው ጣቢያ እንዲነገር ብላችሁ ጻፉ። መጻፍ የማይችል ካለ ከጉባኤው በኋላ ይቆይ፤ የሚጽፉለት ተማሪዎች አሉ።